የተሸጠው ዓምድ

አሮጌ የጋዜጣ ማስታወቂያ እንደ ጥንታዊ ሥዕል በመስታወት ተከቦ ግድግዳ ላይ መሰቀል ከጀመረ ሰንብቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአውሮፓና በአሜሪካ የወጡ የመድኃኒት፣ የሳሙናና የሽቱ ማስታወቂያዎች በሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ፤ በመጽሐፍ ተጠርዘው ይታተማሉ፤ የቡና ቤት ማስጌጫም ይሆናሉ። የሚያያቸው ሰው ፈገግ ይላል። ፈገግታውም ሁለት ነገር ይዟል፤ አንደኛው «እንዴት ያምራሉ!» የሚል አድናቆት ሲሆን፣ ሁለተኛው «የዚያ ዘመን ሰው እንዴት ሞኝ ኖሯል!» የሚል ንቀት ነው። ከኪነ ጥበብ ሰዎችም መካከል ይህንኑ ፈገግታ ወደ ንድፈ ሐሳብ ከፍ አድርገው፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ የብዙኃኑ ግጥም ነው፤ ከከተሜው ሕዝብ አፍ የወጣ አዲስ ሥነ ቃል ነው የሚሉ አልታጡም።

አድናቆቱም ንቀቱም ከእውነት የራቁ ናቸው። ማስታወቂያው ከሕዝብ አፍ የወጣ አይደለም፤ ወደ ሕዝብ አፍ የተንቆረቆረ እንጂ። ሕዝቡም ሞኝ አልነበረም። ሞኝ ነበር ማለት የበዳዩን ዕዳ በተበዳዩ ትከሻ ላይ መጫን ነው። ዕዳው የማን እንደሆነ ለመለየት ወደ ሰነዱ መመለስ ያሻል፤ ሰነዱ ደግሞ አልጠፋም። ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻጭ ዕቃውን ማወደሱ ከገበያ ጋር አብሮ የተወለደ ነገር ነው። በቅዳሜ ገበያ ቅቤ ይዛ የተቀመጠች ሴት ቅቤዋን ታወድሳለች፤ ለጋ ነው ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ ከየትም አይገኝም ትላለች። ገዢዋ ግን ተቀብላ ታሸታለች፤ በጣቷ ጫፍ ነክታ ትቀምሳለች፤ ሞራ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ታውቃለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሻጭዋን ፊት ታያለች። ዛሬ ያታለለቻት ሻጭ በሚመጣው ቅዳሜም እዚያው ዛፍ ሥር መቀመጧ አይቀርምና፣ በዚህ ገበያ ቃል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም የሚያፍርበት ፊት አለው።

የጋዜጣ ማስታወቂያ ቃልን ከፊት ለየው። ከቦስተን አጠገብ የተቀመመ ጠርሙስ በሺሕ ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትኖር የገበሬ ሚስት ሲወደስላት፣ የምታሸተው ነገር የላትም፤ የምታየውም ፊት የወረቀት ፊት ነው። እንግዲህ ልታምን የምትችለው ጋዜጣውን ብቻ ነው። ጋዜጣው የእህልን ዋጋ በትክክል ነግሯታል፤ የጎረቤትን ሞት፣ የሹመትና የሽረትን ወሬ በትክክል ነግሯታል። ስለ ወገቧ ሕመም ሲነግራት ለምን ትጠርጥረው? ሐኪም ሩቅ ነበር፤ ዋጋውም ውድ ነበር። ቢገኝም እንኳ የሕክምናው ጥበብ ብዙውን በሽታ የሚያድን ኃይል ገና አላገኘም፤ ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። የማሕፀኗን ሕመም ለወንድ ሐኪም ዘርዝራ መንገር የከበዳት ሴት፣ በፖስታ የሚመጣ የሴት ምክር ሲቀርብላት መቀበሏ በእጇ ካሉት መንገዶች የተሻለውን መምረጧ ነበር።

ይህን መንገድ ከጠረጉት መካከል ዋነኛው የፒንከም ድርጅት ነው። ወይዘሮ ሊድያ ፒንከም በማሳቹሴትስ ግዛት በሊን ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሴት ናቸው። ባርነትን የተቃወሙ፣ አስካሪ መጠጥንም የሚያወግዙ ነበሩ ይባላል፤ ይሁንና ከ1875 ጀምሮ ለሴቶች ሕመም ይበጃል ተብሎ በስማቸው የተሸጠው የዕፅዋት ቅምር ከመቶ 18 ያህሉ አልኮል ነበር። ምስላቸው በየጋዜጣው ይወጣል፤ ጠጉራቸውን በሥርዓት የያዙ፣ ዐይናቸው የሚራራ፣ የማንም አያት የሚመስሉ ሴት። ከምስሉ ግርጌ፣ ሴቶች ለወንድ የማይነግሩትን ሁሉ ለወይዘሮ ፒንከም እንዲጽፉላቸው ግብዣ ይቀርባል። ሴቶቹም ጻፉ። ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ መካንነት፣ ስለ ባል ጭካኔ ጻፉ። መልስም እየተጻፈላቸው ቆየ።

ወይዘሮ ፒንከም ግን የሞቱት በ1883 ነው። «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የተባለው የሴቶች መጽሔት በ1905 የመቃብራቸውን ድንጋይ ፎቶግራፍ አትሞ አወጣው። ለ22 ዓመታት ሙት ሕያዋንን ስትመክር ኖራለች ማለት ነው። ድርጅቱ አላፈረም። ከዚያ በኋላ የወጡት ማስታወቂያዎች «ወይዘሮ ፒንከም፣ የሊድያ ፒንከም ምራት» ማለት ጀመሩ። ቅኔ ያደመጠ ሰው ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም፤ አንድ ስም ሁለት ሰው ይሸከማል፤ አንዷ ሰም፣ ሌላዋ ወርቅ። ልዩነቱ፣ በቅኔ ሰምና ወርቅ የሚሠራው አድማጭ ፈልጎ እንዲያገኘው ሲሆን፣ እዚህ ግን ሰሙ ለአንባቢዋ ቀርቶ ወርቁ ለባለ ጠርሙሱ መሆኑ ነው። በዚያው የንግድ መስክ በሽተኞች ለልዩ ልዩ የመድኃኒት ድርጅቶች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በጅምላ የሚገዙ፣ የሚሸጡና የሚያከራዩ ደላሎች እንደነበሩም በዚያው ሰሞን ተጋልጧል። ምስጢር ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ከአንዱ ነጋዴ መዝገብ ወደ ሌላው ነጋዴ መዝገብ በገንዘብ ይተላለፍ ነበር።

«የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ደግሞ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት የሚሰጥ ነበር። ሽሮፑ ውስጥ ሞርፊን ነበረበት። ሕፃኑ ማልቀስ ያቆማል፤ ይተኛል፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ የቀረም አለ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1911 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ሽሮፕ «ሕፃን ገዳዮች» ብሎ ከመደባቸው ጋር አስፍሮታል። የሽሮፑ የማስታወቂያ ሥዕሎች ግን እጅግ ያምራሉ፤ ነጭ የለበሰች እናት፣ ጉንጩ የቀላ ሕፃን፣ የጧት ብርሃን። ዛሬ በመስታወት ተከበው ከሚሰቀሉት መካከል እነዚህ አሉ። ፈገግ የሚለው ሰው ከየትኛው ጠርሙስ ፊት ቆሞ ፈገግ እንደሚል ቢያውቅ መልካም ነው።

«ፔሩና» የተባለው ሌላው መድኃኒት ከሩብ በላዩ አልኮል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የቀይ ሕንዶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1905 በክልሎቻቸው ውስጥ እንዳይሸጥ እስከመከልከል ደርሷል፤ ሰዎች እንደ አረቄ ይጠጡት ነበርና። በዚያው ጊዜ በየጋዜጣው የኮንግረስ አባላት ምስልና ምስክርነት ተደርድሮ ስለ ፔሩና ፈዋሽነት ይናገር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋዜጣው የት ነበር? ጥያቄው ይህ ነው፤ ስለ ሕዝብ ሞኝነት የሚያወሩትም የሚሸሹት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጋዜጠኛው ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ ከጥቅምት 1905 ጀምሮ በ«ኮሊየርስ» መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች ሲያወጣ፣ የአሜሪካ ሕዝብ በዚያው ዓመት ለእነዚህ መድኃኒቶች 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጣ ገምቶ ነበር። ከዚህ ገንዘብ ብዙው ወደ ጋዜጦች ካዝና ይፈስሳል። ለብዙ የክፍለ ሀገር ጋዜጦች የጠርሙስ መድኃኒት ማስታወቂያ ዋና መተዳደሪያ ነበር።

በኅዳር 4 ቀን 1905 ደግሞ ያው መጽሔት ማርክ ሱሊቫን ያዘጋጀውን ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ያጋለጠው ነገር አንድ አጭር አንቀጽ ነው። የመድኃኒት ነጋዴዎቹ ከጋዜጦች ጋር የሚፈራረሙት የማስታወቂያ ውል ላይ፣ በቀይ ቀለም የታተመ ዐረፍተ ነገር ነበር። ይዘቱም እንዲህ ነው፦ ጋዜጣው በሚታተምበት ግዛት የእነዚህን መድኃኒቶች ሥራ ወይም ሽያጭ የሚከለክል ወይም የሚገድብ ሕግ ከወጣ፣ ውሉ ፈራሽ ይሆናል። ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፤ ዛቻ የለበትም፤ ስለ እኛ ክፉ አትጻፉ የሚል ቃል የለበትም። አንቀጹን ያመነጨው የነጋዴዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ፍራንክ ቼኒ ሲሆን፣ ጥቅሙን ለባልንጀሮቹ በስብሰባ ላይ በግልጽ አስረድቶላቸዋል። ሕግ አውጪዎችን መለማመጥ የነጋዴው ሥራ መሆኑ ያበቃል፤ የጋዜጣው ባለቤት ራሱ ይሠራዋል።

የዚህን አንቀጽ ብልሃት ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ብዕር የያዘ ሰው ስለ ዐረፍተ ነገር ኃይል ብዙ ይናገራል፤ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ሥራ የሠራው ዐረፍተ ነገር ግን ይህ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ግዛት የሕግ ረቂቅ በቀረበ ቁጥር ለጋዜጣ ባለቤቶች ቴሌግራም ይደርሳቸዋል፤ ባለቤቶቹም ለየእንደራሴዎቻቸው ይጽፋሉ። በማሳቹሴትስ ምክር ቤት በ1905 ስለ መድኃኒቶቹ ይዘት የተካሄደውን ክርክር ከጥቂቶች በቀር ጋዜጦቹ ለአንባቢዎቻቸው አልነገሩም። የፈረስ እሽቅድምድሙን ነገሩ፤ የሰርጉን ወሬ ነገሩ፤ በዚያችው ከተማ በአደባባይ የተነገረውን የምክር ቤት ንግግር ግን እንዳልሰሙ ሆኑ። ሳንሱር ሁልጊዜ የመንግሥት ማኅተም ይዞ አይመጣም። አንዳንዴ የሦስት ወር የማስታወቂያ ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። እዚህ ይልስ የነበረው ማን ነው? የምትጽፈው ሴት አይደለችም። ይልስ የነበረው ራሱን ብልህ ያደረገው የጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ በአንደኛው ገጽ ስለ ነጻነት እየጻፈ፣ በአራተኛው ገጽ የእናቱ ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች ለሙት ደብዳቤ እንዲጽፉ የሚጋብዘው። ከዚያም አልፎ፣ ገንዘብ የተከፈለበትን ማስታወቂያ በዜና ፊደልና በዜና አቀማመጥ፣ ልክ እንደ ዜና አድርጎ ማተም የተለመደ ነበር። አንባቢዋ አንድ ሰው ከሞት አፋፍ ስለ መመለሱ የሚተርክ ወሬ ስታነብ ትቆይና፣ የመጨረሻው መስመር ላይ የጠርሙሱን ስም ታገኛለች። ይህ ነገር እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ፣ በ1912 የወጣ የፖስታ ሕግ በገንዘብ የታተመ ጽሑፍ ሁሉ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት እንዲደረግበት አስገድዷል። ዜናን ከሽያጭ ለመለየት ሕግ ካስፈለገ፣ አልለየሁም ብላ የተታለለችውን መውቀስ ምን ይሉታል?

ሌላ መንገድ አልነበረም የሚል መከራከሪያም አያዋጣም። «ሌዲስ ሆም ጆርናል» ከ1892 ጀምሮ እነዚህን ማስታወቂያዎች አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ስላልተቀበለም አልከሰረም። ሠዓሊውም ቢሆን ድርሻውን የተወጣ አለ። ኤድዋርድ ኬምብል፣ የማርክ ትዌይንን «ሐክልቤሪ ፊን» በሥዕል ያስጌጠው ማለት ነው፣ በሰኔ 1905 ለ«ኮሊየርስ» አንድ ሥዕል ሠራ፤ የራስ ቅል፣ ጥርሶቹ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ ርእሱም «የሞት ቤተ ሙከራ»። የማስታወቂያን ሥዕል በሥዕል መመለስ ይህ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካስፈለገ ይህ ቢሰቀል በተገባው ነበር።

በሰኔ 30 ቀን 1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የምግብና የመድኃኒት ሕጉን ፈረሙ። ጠርሙሱ ውስጥ አልኮል፣ ሞርፊን፣ ኦፒየም ወይም ኮኬይን ካለ መጠኑ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ሕጉ አስገደደ። ታላቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ሕጉ ጠርሙሱን እንጂ ጋዜጣውን አልነካም፤ ሐሰቱ ከጠርሙሱ ላይ ተነሥቶ በጋዜጣው ዓምድ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ይባስ ብሎ በ1911 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ካንሰር አድናለሁ ስለሚል መድኃኒት በቀረበለት ክስ፣ ሕጉ የሚከለክለው ስለ ውስጡ ይዘት መዋሸትን እንጂ ስለ ፈዋሽነቱ መዋሸትን አይደለም ሲል ወሰነ። በ1912 ማሻሻያ ወጣ፤ እርሱም ቢሆን ሻጩ ለማጭበርበር ማሰቡ እንዲረጋገጥበት የሚጠይቅ ነበር። የመድኃኒት ማስታወቂያ ራሱ በፌዴራል ሕግ በሚገባ የተያዘው በ1938 ነው።

ደራስያን ከሕግ አውጪዎቹ ፈጥነው ነገሩን አይተውታል። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1909 ባሳተመው «ቶኖ ባንጌ» በተባለው ልቦለድ፣ የትንሽ ከተማ መድኃኒት ሻጭ ከማይረባ ቅምር በማስታወቂያ ኃይል ብቻ ታላቅ ሀብት ሲገነባ፣ ኋላም ሲፈርስ አሳይቷል። ጄምስ ጆይስ ደግሞ በ1922 የታተመውን የ«ዩሊሲስ»ን ዋና ባለታሪክ የጋዜጣ ማስታወቂያ አፈላላጊ አደረገው። ሌኦፖልድ ብሉም ሰኔ 16 ቀን 1904 በደብሊን ጎዳናዎች ላይ የአንድ የሻይና የመጠጥ ነጋዴን ማስታወቂያ ለማሳደስ ይንከራተታል፤ ጧት ደግሞ የወዳጁን ቀብር ሸኝቷል። በጋዜጣው ላይ በታሸገ ማሰሮ የሚሸጥ ሥጋ ማስታወቂያ ከሙታን ስም ዝርዝር ሥር ተለጥፎ ያያል፤ የቦታው ምርጫ ይገርመዋል። ብዙ ድርሳን ከሚለው ይልቅ ያ አንድ አቀማመጥ ይበቃል፤ ለጋዜጣው ሬሳውም ሥጋውም በመስመር የሚከፈልበት ነው።

እዚህ ላይ የማያኮቭስኪ ስም ይነሣል። ታላቁ የሩሲያ ባለቅኔ ከ1923 እስከ 1925 ድረስ ከሠዓሊው ሮድቼንኮ ጋር ለመንግሥት ሱቆች የማስታወቂያ ግጥም ጽፏል፤ ከጫማ ላይ የሚደረብ የላስቲክ ጫማ፣ የሕፃን የላስቲክ ጡት፣ ብስኩትና ሲጋራ አወድሷል። የሣቁበት ቢበዙም ግጥሞቹን የላቀ ደረጃ ያላቸው ናቸው ብሎ ተሟግቶላቸዋል። እንግዲህ ማስታወቂያ ግጥም ነው ለሚሉት ይህ ጠንካራ ምስክር ነው፤ በቀላሉም የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ ባለቅኔ ዕቃ ያወድስ ወይስ አያወድስ በሚለው ላይ አይደለም። አዝማሪም ለሚሸልመው ሰው ይገጥማል፤ ግጥሙ ሲያምር ያምራል። የላስቲኩ ጫማ ዝናብ እንዳያስገባ ተባለ፤ ዝናብ አላስገባም። ባለቅኔው ስሙን ሰጥቶ በስሙ ተጠየቀበት። ሲጋራው ግን ከዚህ ፍርድ አይድንም፤ ለማያኮቭስኪም ቢሆን ይህን ያህል መናገር ተገቢ ነው። የጋዜጣው ዓምድ ማስታወቂያ ጸሐፊ ደግሞ ስም የለውም። ስም የሌለው ለትሕትና ብሎ አይደለም።

ሕግ መድኃኒቱን ማጥበብ ሲጀምር ብልሃቱ ተለወጠ። «ሊስተሪን» በ1879 ለቀዶ ጥገና ንጽሕና የተሠራ ፈሳሽ ነበር። በ1920ዎቹ የአፍ መጉመጥመጫ ሆኖ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ባለቤቶቹ በሽታውን ከሐኪሞች መዝገብ ቆፍረው አወጡት፤ «ሃሊቶሲስ»። ትርጉሙ የአፍ ጠረን ማለት ነው። በእናት ቋንቋ ቢጠራ ኖሮ የሚያሳፍር ቢሆንም የታወቀ ነገር ነበር፤ በላቲንና በግሪክ ሲጠራ ግን ደዌ ሆነ። በማስታወቂያዎቹ ላይ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ የቀረባት አንዲት ልጃገረድ ትታያለች፤ ሁልጊዜ ሚዜ ናት፣ ሙሽራ ግን አትሆንም። ምክንያቱን ማንም አይነግራትም፤ የቅርብ ወዳጆቿም አይነግሯትም። ተውኔት የሚያውቅ ሰው የዚህን ጽሑፍ አሠራር ሊክድ አይችልም፤ ገጸ ባሕርይ አለ፣ ምስጢር አለ፣ ታዳሚው የሚያውቀው ባለታሪኳ ግን የማታውቀው ነገር አለ። መፍትሔው ሲመጣ ግን መጋረጃው ተገልጦ ጠርሙስ ይታያል። የፊተኛው ዘመን ማስታወቂያ የታመመችውን ሴት አድንሻለሁ ብሎ ያታልላት ነበር። ይኸኛው ጤነኛዋን አሳፍሮ በሽተኛ አደረጋት። ከወዳጆቿ መሐል ቁጭ ብላ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ለየትኛው ሐኪም ትከሰሳለች?

ይኸው ፈሳሽ በማስታወቂያው ጉንፋንን ይከላከላል ተብሎም ይነገርለት ነበር። ይህ ለሕዝብ በቀጥታ ይነገር የጀመረው በ1921 ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ነገሩ ሐሰት መሆኑን አረጋግጦ ትእዛዝ የሰጠው በ1975 ነው፤ ከ54 ዓመት በኋላ። ድርጅቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለማስታወቂያ እስኪያወጣ ድረስ በየማስታወቂያው ውስጥ፣ ፈሳሹ ጉንፋንን እንደማይከላከል የሚገልጽ ቃል እንዲያስገባ ተፈረደበት። ኮሚሽኑ ያዘጋጀው ዐረፍተ ነገር «ከዚህ ቀደም በማስታወቂያ ከተነገረው በተቃራኒ» ብሎ የሚጀምር ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1977 ትእዛዙን አጸና፤ እነዚያን የመጀመሪያ ቃላት ግን ድርጅቱን ያዋርዳሉ ብሎ ሰረዛቸው።